ቀን ሰሌዳ፣ ማታ መዝጊያ

የዱባ ቅጠል በድንጋይ ላይ ሲወቀጥ የሚሰጠው ሽታ አለ፤ እርጥብ፣ ጥቂት መራራ፣ ከዝናብ በኋላ የጓሮ አፈር ሲገለበጥ ከሚወጣው ጋር የሚቀራረብ። ባለፈው መስከረም ከውጫሌ በላይ ባለች አንዲት መንደር በእግሬ ሳዘግም ይህ ሽታ ደረሰብኝና ባለሁበት ቆምሁ። አንዲት ሴት አጥሯ ጥግ ቁጭ ብላ ቅጠሉን ትወቅጣለች። ቦርሳዬን ይዞልኝ የመጣው የባጃጅ ሹፌር «ደከመዎት እንዴ አባባ?» አለኝ። «አልደከመኝም» አልሁት። ከዚያ በላይ ምን ልበለው? ሃምሳ ዓመት ያህል ዝም ያሉትን ነገር በሰው አጥር ጥግ ቆመው አይጀምሩትም። ለእርስዎ ግን ልጀምረው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርዎት። የማንንም ስም አልጠራም። የወጣትነቴ ዘመን መጨረሻው ላይ ስም መጥራት ሰው የሚያስወስድ ሆኖ ነበር፤ የምወድዳቸውን ሰዎች ስም ከምላሴ ማራቅን ያኔ ተማርሁ። ዘመኑ አለፈ፤ ልማዱ ግን አልለቀቀኝም። ዕድሜዬን የፈጀሁት የብራና መጻሕፍትን በማንበብ ነውና፣ ከሞቱ ብዙ ትውልድ ያለፋቸውን ጸሐፍት በስማቸው እየጠራሁ እከራከራቸዋለሁ። የራሴን ዘመን ሰዎች ግን መሪያችን፣ አስተማሪዋ፣ አበጋሩ፣ ባለመዝጊያዋ እያልሁ ነው የማስባቸው።

የሐይቅ ልጅ ነኝ። በልጅነቴ እስጢፋኖስ ገዳም ዳዊት ደገምሁ፤ የሐይቁ ውኃ ከድንጋዩ ጋር ሲላተም የሚሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ከመዝሙሩ ጋር ተደባልቆ ይመጣብኛል። ኋላ ደሴ ተምሬ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ዓለም እየተገለበጠች ነበር። ወንዱ ጎፈሬ አሳድጎ፣ ሱሪው ከጉልበቱ በታች እንደ ደወል ተዘርግቶ ይሄዳል። ሴቷ ሱሪ ለብሳ መድረክ ላይ ወጥታ ትናገራለች። ጠዋት ግጥም ነበር፣ ከሰዓት ሰልፍ። «መሬት ላራሹ!» ስንል ብዙዎቻችን ሞፈር ጨብጠን አናውቅም ነበር፤ ነገር ግን ከልባችን ነበር የምንለው። የእኔ አገር ሰው በረሃብ ሲረግፍ ያየሁ ነኝና ለእኔ መፈክር ብቻ አልነበረም። ከዚያ ንጉሡ ወረዱ፣ የመሬቱ አዋጅ ታወጀ፣ ተማሪው ሁሉ አዋጁንና ፊደሉን ይዞ ገጠር እንዲዘምት ታዘዘ። የእኛ ቡድን ከአምባሰል ተራራ ግርጌ ወዳለች፣ ከውጫሌ በላይ ወደምትገኝ መንደር ተላከ።

መሪያችን የምሕንድስና ተማሪ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነበር፤ ረጅም፣ ሣቁና ቁጣው እኩል ቅርብ የሆነ። ያለ ድምፅ ማጉያ ተናግሮ ሸለቆውን ያሻግራል። የምንሠራውን የትምህርት ቤት ግድግዳ ድንጋይ ከገበሬው እኩል እየተሸከመ መዳፉ ተልጦ ነበር፤ ማታ ማታ መዳፉን በጨው ውኃ ሲዘፈዝፍ ጥርሱን ነክሶ ስለ ነገይቱ ኢትዮጵያ ያወራልናል። አስተማሪዋ ደግሞ ከሐረር በኩል የመጣች ልጅ ነበረች። ቁመቷ አጭር፣ ጎፈሬዋ ትልቅ፤ የመንደሩ ሴቶች መጀመሪያ ያዩዋት ቀን ከበው አላስወጧትም።

«እናንተዬ፣ ወንድ ናት ሴት?»

«ሴት ናት ይላሉ። ሱሪዋን ተዪውና ጡቷን እያት።»

«እሱስ ይሁን፣ ጸጉሯስ? እኅቴ፣ መንግሥት ሲልክሽ ሚዶ አልሰጠሽም?»

እርሷም «ሚዶውን ለመሪያችን ሰጥተውት ነው» ብላ መለሰችላቸው። በዚያ ሣቅ ገባች፤ ከዚያ በኋላ ከዚያ መንደር ያስወጣት አልነበረም።

ሴቶቹን የማስተማሩ ሐሳብ የእርሷ ነበር። ውኃ ቀድተው፣ ከብት አሰማርተው ሲጨርሱ እስከ ምሳ ድረስ በመንደሩ መካከል ባለው ዋርካ ሥር እንዲሰበሰቡ ተስማማች። ችግሩ ሰሌዳው ነበር። ከውጫሌ የተላከልንን ጥቁር ሰሌዳ የተሸከመችው በቅሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ደነበረችና ሰሌዳው ተንከባልሎ ተሰባበረ። አስተማሪዋ ስብርባሪውን እያየች ስትተክዝ፣ በዕድሜ የበሰለች፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ሙስሊም ሴት ከመካከል ተነሥታ «መዝጊያዬስ?» አለች።

«የምን መዝጊያ?»

«የቤቴ መዝጊያ ነዋ! አንድ ወጥ ዋንዛ ነው። ባሌ አላህ ይማረውና፣ ሲሠራው አገር ነው ያደነቀለት።»

ሌላይቱ «አንቺ፣ ጅብ ያስበላሽ?» ብላ ሣቀች።

«ጅብ ቀን ይመጣል እንዴ? ቀን ቀን ተማሩበት፣ ማታ ማታ መልሱልኝ።»

አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ መዝጊያው የሚጠቁረው በውስጥ በኩል እንዲሆን። «በውጭ በኩል ጥቁር መዝጊያ ያየ እንግዳ ሐዘን የገባብኝ ይመስለዋል» አለች። የመሪያችንን ሬዲዮ ያለቁ ባትሪዎች ሰብረን ውስጣቸው ያለውን ጥቁር ዱቄት አወጣን፤ ሴቶቹ የዱባ ቅጠል ወቅጠው ጭማቂውን ጨመሩበት፤ በጨርቅ ተለቀለቀና ፀሐይ ላይ ደረቀ። ከዚያ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሴቶች መዝጊያውን ከመቃኑ ነቅለው በትከሻቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ባለቤቲቱ ከፊት ከፊት እየሄደች «መንገድ ልቀቁ! ትምህርት ቤቱ እየመጣ ነው!» ትላለች። ሲመሽ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ወደ ቤቱ ይመለስና በር ሆኖ ያድራል። እኛም ባለመዝጊያዋ ብለን ጠራናት።

አንድ ቀን አስተማሪዋ ሁሉንም «ፊደሉን ለምን ፈለጋችሁት?» ብላ ጠየቀች። አንዷ የልጇን ደብተር ለማየት አለች፤ ሌላዋ ባሌን ለማናደድ። ባለመዝጊያዋ ግን የሚከተለውን አጫወተችን።

ሴት ልጇ ሐይቅ ከተማ ተድራ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትቃረብ «እናቴን ጥሩልኝ» ብላ ላከች። እናት ቅቤዋንና የገንፎ እህሏን ይዛ ውጫሌ ወረደች። የገበያ ቀን ነበር፤ አውቶቡሶቹ ተደባልቀው ቆመዋል። አንዱን ጎረምሳ «የኔ ልጅ፣ ይኼ መኪና ሐይቅ ይሄዳል?» አለችው። ለጓደኞቹ እየጠቀሰ «እንዴታ! እንዲያውም ውኃው ዳር ነው የሚያወርድዎት፣ ይግቡ» አላት። መኪናው የወልድያ ነበር። እዚያ ወርዳ «ውኃው የታለ?» ስትል ሰው ሣቀባት። አድራ፣ ተመልሳ ሐይቅ ስትደርስ ልጇ ወልዳ አርፋለች። አራሲቱም ሕፃኑም ደኅና ነበሩ፤ ነገር ግን ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «እናት እያለኝ እንደ እናት አልባ ወለድሁ» አለቻት።

«ሰው ጠይቄ ሰው አሳሳተኝ» አለች ባለመዝጊያዋ፤ «ፊደል ግን አይቀልድም። አሁን ልጄ ደግማ አርግዛለች። ከመውለዷ በፊት መኪና ላይ የሚጻፈውን ማንበብ አለብኝ። ሌላው ይቅርብኝ፤ ኪታብም መጽሐፍም አልፈልግ።»

ፊደልም እንደሚቀልድ፣ ከዚያም እንደሚብስ፣ እኔ ኋላ አየሁ፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በዚያው ፊደል በግድግዳ ላይ የተጻፈ ነገር ስንቱን ከቤቱ እንዳስወጣ። ያን ቀን ግን ያመንሁት እርሷን ነው።

አስተማሪዋ «ይደርሳል» አለቻት፤ በማግስቱም ትምህርቱን ገለባበጠችው። ከሀ ሁ መጀመሯን ተወችና ሐይቅ፣ ደሴ፣ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልድያ የሚባሉትን አገሮች ፊደላት አስቀደመች። እኔ የቄስ ትምህርት ሥርዓት ያሳደገኝ ሰው ነበርሁና አልተዋጠልኝም። «ፊደል እኮ የራሱ ተራ አለው» ብላት፣ ጠመኔውን ሳትጥል ዞር አለችና «ማሕፀንስ ተራውን ይጠብቃል?» አለችኝ። ሴቶቹ የከተሞቹን ስም በአምባሰል ዜማ ያዜሙት ጀመር፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ወንዶቹን ከማስተምርበት ዳስ ሆኜ ስሰማ፣ ከደሴ እስከ ወልድያ ያለው መንገድ እየተዘፈነ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር።

የበሬው ነገር የመጣው በዚህ መካከል ነው።

በእኛ አገር ወንድምየው ሙስሊም፣ እኅትየዋ ክርስቲያን የሆኑበት ቤት ብዙ ነው። ለቅሶውም፣ ሰርጉም፣ አዝመራውም በአንድ ይሠራል፤ የሥጋው ማዕድ ግን ይለያል። ለሙስሊሙ ሙስሊም በአላህ ስም ያርዳል፣ ለክርስቲያኑ ክርስቲያን በሥላሴ ስም፤ ድግስ ያለበት ሰው ሁለት ከብት ጥሎ ሁለት ድስት ይጥዳል። ማንም በማንም አይቀየምም፤ እንዲያውም የጎረቤትን ድስት ለይቶ መጣድ የአክብሮት ምልክት ነው።

መሪያችን ይህ አልታየውም። የመሬቱን አዋጅ የምናከብርበት ቀን ሲቀርብ ከቀድሞው ባለርስት ከብቶች አንድ ሰንጋ ለበዓሉ ተመደበ፤ እርሱም «አንድ በሬ! አንድ ቢላዋ! አንድ ሕዝብ!» አለ። ሰው እንደማይበላው ነገርሁት። አንገቴን በክንዱ አቅፎ እየሣቀ «አንተ የደብተራ ልጅ፣ አብዮት በሁለት ድስት አይበስልም!» አለኝ። ከዚያ በላይ አልተከራከርሁም።

ቀኑ ብሩህ ነበር። ሣሩ ገና እርጥብ ነው፤ ከበሮው ከማለዳ ጀምሮ ይመታል፤ ሰው ነጭ ለብሶ ከየሸንተረሩ ወርዷል። ሼሁም ቄሱም ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ቢላዋው ለማን እንደሚሰጥ በትዕግሥት ይጠባበቃሉ። መሪያችን ለሁለቱም አልሰጠም። እጅጌውን ሰብስቦ ራሱ ጎንበስ አለ፤ በዚያ ሸለቆ በሚያሻግር ድምፁም «በሰፊው ሕዝብ ስም!» ብሎ አረደው።

ከበሮው ቆመ።

እንቢ ያለ ሰው አልነበረም። የወሎ ሰው እንቢ አይልም፤ መርቆዎት ይሄዳል። ሥጋው እሳት ላይ ተጥዶ ሽታው ሜዳውን ሲሞላ ቄሱ «እኔስ ጾም ነኝ ልጆቼ» አሉ፤ ወቅቱ ጾም አልነበረም። ሼሁ «ጥርሴን፣ ጥርሴን» እያሉ ጉንጫቸውን ያዙ፤ ጥርስ አልነበራቸውም። አንዱ ጥጃው መፈታቱ ትዝ አለው፣ አንዱ ምጥ የያዛት ላም አለችኝ አለ። ፀሐይዋ አናት ላይ ሳትደርስ ሜዳው ላይ የቀረነው እኛ፣ ሥጋውና ዋርካው ላይ የተሰበሰቡት አሞሮች ብቻ ነበርን። እኛም ተርበን ነበርና በላን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ነገሩ በመንደሩ ሁሉ ስም ወጥቶለት ነበር፤ «ስም የለሽ ሥጋ»።

በማግስቱ «መንገድ ልቀቁ» የሚል ድምፅ ሳንሰማ ረፈደ። አስተማሪዋ ጠመኔዋን ይዛ ዋርካው ሥር ብቻዋን ቆማ ጠበቀች። በመጨረሻ እኔና እርሷ ወደ ባለመዝጊያዋ ቤት ሄድን። መዝጊያው መቃኑ ላይ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ተዘግቷል። በዚያ አገር ሰው ያለበት ቤት ቀን አይዘጋም። የሟች ባሏ ወንድም ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ወንድሜ የሠራውን መዝጊያ ስም የለሽ ሥጋ የበላ እጅ አይነካውም» አለን፣ ሳይቆጣ። «ሴቶቻችንም አይመጡም። እናንተም የሰው ልጆች ናችሁ፣ በደኅና ያግባችሁ።»

ልንመለስ ስንል ከመዝጊያው ጀርባ «አስተማሪ!» የሚል ድምፅ ሰማን።

«አቤት፣ እትዬ!»

«ወሯ ገብቷል።»

ሌላ አልተናገረችም። የልጇ መውለጃ ወር ማለቷ ነው። ያኔ ባለመዝጊያዋ የምታውቀው ገና ደሴንና ግማሽ ወልድያን ነበር።

መሪያችን ሲሰማ ተቆጣ። አድኃሪነት ነው፣ በአዋጅ እናስወጣቸዋለን አለ። አስተማሪዋ «መዝጊያውን በአዋጅ አስወጣኸው እንበል፤ ሴቶቹን በምን ታስወጣቸዋለህ?» አለችው። የተላጠ መዳፉን ገልብጦ አየ። እርሷ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ የአገሩ ልጅ ነህ። እዚህ የተጣላ ሰው ማን ዘንድ ይሄዳል?»

«አበጋሩ ዘንድ» አልኋት።

አበጋር በእኛ አገር ከአባት የወረሰው የማስታረቅ ጸጋ ያለው ሰው ነው። ደም የተቃባም፣ ድንበር የተጋፋም እርሱ ፊት ይቀርባል፤ ሙስሊም ሆነ ክርስቲያን ቃሉን አይጥስም። የዚያ መንደር አበጋር ቀጭን፣ ጥምጥማቸው ንጹሕ፣ ዓይናቸው የሚሥቅ ሽማግሌ ነበሩ። ሦስታችንም ስንገባ በእፍኛቸው ቆሎ ዘግነው «ጀባ» እያሉ በየእጃችን ሰጡንና መሪያችንን አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ምን ልታደርግ ነበር ያሰብኸው?»

«ሁለቱን አንድ ላደርግ ነበር፣ አባቴ።»

«እኛ ሁለት ሆነን ስንኖር ስንት ዘመናችን! ተስማምተን ነበር። አንተ ሦስተኛ አመጣህብን። አሁን ለሦስተኛው ማን ይረድለት?»

መሪያችን ፊቱን አጠቆረ፤ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ያ ትልቅ ሣቁ አመለጠው። አበጋሩም እንባቸው እስኪመጣ ሣቁ። እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ስብሰባ አይቻለሁ፤ የተከራከሩ ሰዎች በአንድ ነገር አብረው ሲሥቁ ግን እምብዛም አላየሁም። መሪያችን ሣቁን ሲጨርስ ራሱን ዝቅ አድርጎ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

«'አፉ በሉኝ' በል፤ በአገሩ አፍ ጠይቅ።»

«አፉ በሉኝ፣ አባቴ። ሴቶቹ ግን መማር አለባቸው።»

«እርሱን እኔ አላዝዝም» አሉ አበጋሩ። «የሰው ቤት መዝጊያ በእኔ ቃል አይነቀልም። ዱኣ እናደርጋለን፤ ሙራድ ያለው ሙራዱን ያቀርባል።»

ሙራድ የልብ መሻት ነው። በዱኣው ጉባኤ ላይ አንዱ ተነሥቶ መሻቱን ይናገራል፤ ሌላው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሚን ይልለታል። አሚን ያለ ሰው ከዚያ በኋላ ያን መሻት ማደናቀፍ አይችልም፤ ቃሉን የሰጠው ለሰው አይደለምና።

ጉባኤው ዋርካው ሥር ሆነ። ሁለት በግ በሁለት ቢላዋ ታረደ፤ በሁለት እሳት ተጠበሰ፤ ጥላው አንድ ነበር። መሪያችን እንደ ወጉ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ሕዝቡ ፊት ቆመ። አበጋሩ ድንጋዩን አወረዱለትና «እንዳትጥለው፤ ለትምህርት ቤቱ ግድግዳ ይሆናል» አሉት፤ ሰው ሣቀ፤ ይቅርታውም ወረደ። ከዚያ ሙራዱ ተጀመረ። አንዱ ዝናብ ጠየቀ፣ አንዱ የጠፋች በቅሎውን፣ አንዱ ለታመመ አባቱ ምሕረትን። በእያንዳንዱ ላይ የሙስሊሙ አሚን የክርስቲያኑም አሜን አብረው ይነሣሉ።

ከሴቶቹ ወገን ባለመዝጊያዋ ተነሣች። የሴት ሙራድ በወንድ አፍ ይደርስ ነበርና አበጋሩ «ለባልሽ ወንድም ንገሪው፣ ያድርስልሽ» አሏት።

«የባሌ ወንድም ሰሞኑን ጆሮው አይሰማም አባቴ። እኔው ልናገረው።»

ሣቅ ተሰማ። የባሏ ወንድም አንገቱን ደፋ። አበጋሩ በእጃቸው ቀጥዪ አሏት።

«ልጄ ልትወልድ ነው» አለች። «የፊተኛው ጊዜ መንገድ ስቼ ብቻዋን ወለደች። ዘንድሮ የመኪናውን ጽሕፈት አንብቤ እንድደርስላት፣ ከመውለዷ በፊት ፊደሌን እንድጨርስ፣ መዝጊያዬም ቀን ቀን እንዲወጣልኝ ዱኣ አርጉልኝ።»

ሴቶቹ እንዳይማሩ የወሰኑት ወንዶች ሁሉ እዚያ ተቀምጠዋል፤ የቀረበላቸው ግን ስለ ፊደል አልነበረም፣ ስለ ወላድ ነበር። በዚያ አገር በወላድ ሙራድ ላይ አሚን የነሣ ሰው በምጧ ላይ እንደረገማት ይቆጠራል። አበጋሩ ማንንም ሳያዩ መዳፋቸውን ከፈቱ። አንድ አሮጌ ድምፅ አሚን አለ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ቀጥሎ ጉባኤው ሁሉ። እኔ የባሏን ወንድም እያየሁ ነበር። እጁ ከልማድ የተነሣ ቀድሞ ተዘርግቷል። ተዘርግቶ ያገኘውን እጁን ጥቂት ተመለከተው። ከዚያ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ «አሚን» አለ። አስተማሪዋ ክንዴን ይዛ ነበር፤ መያዟን የማታውቅ ይመስለኛል። እኔ ግን ዛሬም አውቀዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት የባሏ ወንድም መዝጊያውን ብቻውን በጫንቃው ተሸክሞ መጣ። ላቡ ይንቆረቆራል። «መንገድ ልቀቁ» አለ፣ ደስታ በሌለው ድምፅ፤ «ትምህርት ቤቱ መጣ።»

ከዚያ በኋላ የባለመዝጊያዋ ነገር መማር ሳይሆን ሩጫ ነበር። ውኃ ስትቀዳ በጣቷ መሬት ላይ ትጽፋለች፤ ስትፈጭ በዱቄቱ ላይ። ከልጇ መልእክት ሲመጣ አስተማሪዋና እኔ እስከ ውጫሌ ሸኘናት። የገበያ ቀን ነበር፤ አቧራው፣ የናፍጣው ሽታ፣ የፍየሉ ጩኸት፣ የረዳቶቹ ጥሪ ተደባልቋል። «ዝም በሉ፤ አንድ ቃል እንዳትተነፍሱ» ብላ ከመንገዱ ዳር አቆመችን። ነጠላዋን አጥብቃ ወደ መጀመሪያው አውቶቡስ ሄደች፤ ከመስታወቱ በስተጀርባ የቆመውን ጣውላ አየች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ራሷን ነቀነቀችና አለፈችው። ሁለተኛው ላይ ብዙ ቆየች። አስተማሪዋ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

«ደ... ሴ» አለች ባለመዝጊያዋ ጮክ ብላ፤ ሰው ዞሮ አያት። ከዚያ ግራ በመጋባት ወደ እኛ ተመለከተች፤ የምትሄደው ሐይቅ ነበርና። ልንናገር ስንል እጇን አንሥታ ከለከለችን። ጥቂት አሰበች፤ ፊቷ በራ።

«ሐይቅ በደሴ መንገድ ሆድ ውስጥ ናት፤ አይደለም?»

«ናት!» አለች አስተማሪዋ፤ አለቀሰች።

ልጇ የወለደችው እናቷ በደረሰች በሦስተኛው ቀን መሆኑን ሰማን። ሴት ልጅ።

ዘመኑ እንደዚያ ሆኖ ቢቀር እንዴት ጥሩ ነበር። አልቀረም። መሪያችን ከደሴ ተወሰደ፤ ያ ሸለቆ የሚያሻግር ድምፅ የት እንደቆመ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። አስተማሪዋን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት በዚያው በውጫሌ መንገድ ዳር ነው። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮቱ ብቅ ብላ «ደሴ ይላል፤ አንብቤዋለሁ፤ አትስጋ» አለችኝ። ልነግራት የፈለግሁትን ለሌላ ቀን አቆየሁት፤ ሌላ ቀን አልመጣም። ታስራ እንደነበረ፣ ተፈትታም በደቡብ በኩል ባለች ትንሽ ከተማ ስታስተምር እንደኖረች ከሰው ከሰው ሰማሁ። ማረፏን የሰማሁት ዘንድሮ ነው። እግሬን ወደዚያች መንደር ያነሣው ይኸው ነው።

እናም አጥሯ ጥግ ቅጠል የምትወቅጠውን ሴት ሰላም አልኋት፤ ማን እንደሆንሁ፣ የማን ቤት እንደምፈልግ ነገርኋት። መውቀጫውን ድንጋይ አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ያቺ ሴት አያቴ ናት፤ አላህ ይማራት። እኔ ሐይቅ የተወለድሁት ነኝ። አንብባ የደረሰችልኝ።»

ወደ ቤቱ አስገባችኝ። ግድግዳው አዲስ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ መዝጊያው ግን ያው ወጥ ዋንዛ ነው። መለስ ሲል በውስጥ በኩል ጥቁሩ ፊቱ ይታያል። በየዓመቱ ትምህርት ሲጀመር እንደ አያቷ በዱባ ቅጠል ታድሰዋለች፤ ልጆቿ የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት እርሱ ላይ ነው። «በስልክ ከሚያዩት ይሻላል፤ ይኼ ባትሪው አያልቅም» አለችኝ፤ እኔም ባትሪው ውስጡ እንደሆነ ልነግራት አስቤ ሣቅሁ።

የወቀጠችውን ለቅልቃ ጨርሳ፣ ወደ ማታ አዲሱ ቀለም ደርቆ ነበር። ትንሿ ልጇ ጠመኔ አቀበለችኝና «አባባ፣ እርስዎም ይጻፉ» አለችኝ። ከዚያ በሕይወቴ ሙሉ ከአፌ ያላወጣሁትን አንድ ስም ጻፍሁ። ልጅቱ በጣቷ እየተከተለች፣ ፊደል በፊደል፣ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ማን ናት?»

«አስተማሪ ናት።»

«የኔ?»

«ያንቺም» አልኋት።

ሲመሽ ሹፌሩ ከታች ጥሩንባውን ነፋ። ተሰናብቼ ስወጣ መዝጊያው ከኋላዬ ሲዘጋ ሰማሁ፤ ያንኑ የድሮውን ድምፁን። በውጭ በኩል ያለው ፊቱ እንደ ድሮው ንጹሕ ነው፤ ማንም እንግዳ ቢመጣ ሐዘን አያይበትም። ስሟ በውስጥ በኩል ነው፤ ከልጆቹ ጋር ያድራል።